የቆንጥር ድልድይ ቀኖና

እኔ ሰው አላማም። ሱቄ ግን መንገድ ዳር ነው፤ ዓይኔም አልታወረም። ከደባርቅ ወደ ዳባት ስትሄዱ አንድ የሚታጠፍ የጠጠር መንገድ አለ፤ የቆንጥርን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አቦ ቀበሌ የሚገባ። እዚያ ድልድዩ አፍ ላይ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት ሱቅ የእኔ ናት። የረህማ ሱቅ ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቅ የለም። ስኳር፣ ጨው፣ ባትሪና ሳሙና እሸጣለሁ፤ ሻይም አፈላለሁ። ወሬ አልሸጥም፤ ወሬ በነጻ ነው።

የማወራችሁ ስለ አለምነህ ነው። አለምነህ ግንበኛ ነው፤ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሰኛ ሰው። መዶሻውን ከወገቡ አይፈታም፤ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞት ይገባል። ድንጋይ ሲያይ ያንኳኳዋል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ይቺ ውስጧ ስንጥቅ ነው ይላል፤ ይቺ ውሃ ትጠጣለች ይላል፤ ከስንት አንዴ ደግሞ ይቺ ሰው ናት ይላል። በዕድሜው ሰው ናት ያላት ድንጋይ እንጂ ሰው ነው ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የእኔና የሱ ቂም የሦስት ዓመት ነው። ያኔ የድልድዩን ሁለት እግሮች ከጎርፍ ለመጠበቅ ጋቢዮን ተሠራ። ጋቢዮን በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሣጥን ነው፤ ወንዙ መሠረቱን እንዳይበላው ከእግሩ ሥር ይደረደራል። የወዲህኛውን እግር የያዘው ከዳባት የመጣው ታላቅ ወንድሜ አብዱልቃድር ነበር፣ የወዲያኛውን ደግሞ አለምነህ። አለምነህ በዘጠኝ ቀን ጨረሰ። ወንድሜ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀበት። አለምነህ ሥራውን ጨርሶ እዚህ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ፣ የእኔን ሻይ እየጠጣ፣ እታች ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያገጣጥመውን የእኔን ወንድም እያየ፣ የዳባት ሰው ጋቢዮን የሚሞላው እንደ መቁጠሪያ አንድ ባንድ ነው እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያሾፍ ነበር። ሳንቲሙን ወርውሬለት ሻዩን ልነጥቀው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ባለፈው ክረምት ቆንጥር ሞልቶ መጣ። የወንድሜ ወገን ቆመ፤ የአለምነህ ወገን ሄደ። ሽቦው ተበጣጥሶ ታች ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። እኔ ምንም አላልኩም። ወላሂ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት እንጂ ለማንም አልተነፈስኩም። ስልክ ላይ ድምፄ ከፍ ስለሚል አለምነህ ሰማ። ውሃው ወደሱ በኩል ነው አጥብቆ የሚመታው አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

የካቲት ላይ ከዞን ኢንጂነር ሶልያና የምትባል ልጅ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ ድልድዩ ሥር ገባች። የወዲያኛው እግር ሥር እጇን ብትከት እስከ ብብቷ ሰመጠ። ወንዙ መሠረቱን ከሥሩ ቦርቡሮ በግ የሚያስተኛ ዋሻ ሠርቶበታል። ወጣችና ቁርጡን ነገረችን። ሽቦውን እሷ ታመጣለች፣ ድንጋዩ ከሕዝቡ ነው፤ አራት ትልልቅ ሣጥን እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልተሞላ ድልድዩን ለመኪና ትዘጋዋለች። ባትዘጋውም ይህን ክረምት አያልፍም አለች።

የአለምነህ ፊት የጠቆረው ያን ቀን ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ያለችው አንዲት ልጅ ሸጊቱ ናት። ሸጊቱ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። የደም ግፊቷ ነገር ስላላማራቸው የጤና ኬላ ባለሙያዎቹ፣ ቤቷ እንዳትወልድ፣ ምጥ እንደጀመራት ደባርቅ ሆስፒታል እንድትወሰድ አስጠንቅቀዋታል። ሐምሌ ላይ ቆንጥርን በእግሩ የሚሻገር ሰው አልተፈጠረም። ድልድዩ ከሌለ አምቡላንስ የለም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ለድንጋይ ዘመቻ ሦስት ጊዜ ጠራ። በመጀመሪያው አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ሊቀመንበሩ ራሱም ቀረ። ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያን ጊዜም ተሸክመን ነበር፣ የተሸከምነውን ወንዝ በላው፣ አሁንስ ለምን እንለፋለን ነው የሚሉት። አለምነህ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። እኔ ያኔ ኩራቱ ተነክቶ ነው ብዬ ነበር።

መላ ያመጡት መምሬ ተክለ ማርያም ናቸው። መምሬ የአቦ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪና የግማሹ ቀበሌ የነፍስ አባት ናቸው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሰው ንስሐ የሚገባበት ጊዜ ነበር። የነፍስ አባት ለተናዘዘ ሰው ቀኖና ይሰጣል፤ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም ይለዋል። መምሬ የዘንድሮው ቀኖና ስግደት ሳይሆን ድንጋይ ነው አሉ። የተናዘዘ ሁሉ እንደ በደሉ አምስትም ይሁን ሃያ ድንጋይ ከእኔ ሱቅ በላይ ካለው ጋራ አንሥቶ ድልድዩ ሥር ያወርዳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። ከጧት ጀምሮ ድንጋይ የተሸከመ ሰው በደጄ ይግተለተላል። አለምነህ እታች ቆሞ እያንኳኳ ይቀበላል። ደስታው ወሰን አጥቶ፣ ይህ ሕዝብ ይህን ያህል ኃጢአት እንዳለው ባውቅ ኖሮ ሦስት ድልድይ እሠራ ነበር አለኝ። ዘንድሮ ረመዳንም ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሞ ነበር፤ እነሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ሻይ የሚጠጣ ስለሌለ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው።

ዓለምዬ የምትባል ማዶ ያለች ሴት አለች፤ የገዱ ሚስት፣ ጉልበቷ የወንድ፣ ጠባይዋ የመልአክ። አንድ ቀን አሥራ አራት ድንጋይ አወረደች፤ እያንዳንዱ ጥጃ የሚያህል። በነጋታው ባሏ ገዱ ባትሪ ሊገዛ መጣና እንደ ዋዛ አድርጎ ሚስቱን አይቻት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አሥራ አራት ነው፣ ትልልቅ ነው አልኩት። እኔ ጉልበቷን ማድነቄ ነበር። ገዱ ባትሪውን ረስቶት ሄደ።

ለካ ሰውዬው ሌላ ሌላ አስቧል። ለእሱ የተሰጠው አምስት ነበር፤ ሚስቱ አሥራ አራት፣ ያውም ጥጃ የሚያክል። ምን ሠርታ ነው? ከማን ጋር? ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ በጎተራው በኩል ተኛ። ምስኪኗ ዓለምዬ የእሷ ቀኖና አምስት ብቻ እንደነበር፣ የቀረው የአሮጊት እናቷ እንደሆነ፣ ትልቁን የመረጠችው ድልድዩ እንዲጠነክር ብላ እንደሆነ ብትምል ብትገዘት ማን ይሰማታል። ወሬው በሁለት ቀን ቀበሌውን አዳረሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቅ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ጠፋ። መምሬ ቁጥሩን እንጂ መጠኑን አልወሰኑም፤ ሰዉም ይህን አሰበበት። መጀመሪያ ድንጋዩ የቡና ጀበና አከለ፣ ቀጥሎ ድንች አከለ፣ ከዚያ እንቁላል። አንዱ ሃያ ድንጋይ በኮት ኪሱ ይዞ ፉጨት እያፏጨ አለፈ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሰላም ብላኝ፣ ደህና ውለሻል ወይ ብላኝ፣ ምንም እንዳልያዘች ሆና ወረደች። ገዱ ራሱ አምስቱን በቆቡ ይዞ አለፈ። ጽድቅ የበዛበት አገር ሆነ።

የጋቢዮን ሽቦ ዓይኑ ጡጫ ያሳልፋል። አለምነህ ድንቹን በአንድ በኩል ሲያፈሰው በሌላው በኩል ይወጣል። ተቆጣ፣ ተሳደበ፣ መዶሻውን ወረወረ፣ ሄዶ አነሣ። ቅዳሜ ዕለት መምሬ ዘንድ ሄዶ ትልቅ ድንጋይ ይዘዙልኝ ብሎ ለመናቸው። መምሬም ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩ የሰው ራስ ያህል ይሁን ብለው አወጁ። ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ቁጭ ብለው የማን ራስ ነው ብለው ተከራከሩ። የአራስ ሕፃንም ራስ ራስ ነው ተባለና ተበተኑ። በማግሥቱ የመጣው ድንጋይ ያው የአራስ ራስ ነበር፤ ያውም ያለ ጊዜው የተወለደ።

ግንቦት አጋማሽ ደረሰ። ከአራቱ ሣጥን በወጉ የተሞላው አንዱ ብቻ ነበር። ከስሜን ተራሮች በኩል ደመና መጎተት ጀመረ፤ ኢንጂነር ሶልያናም በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። አንድ ከሰዓት አለምነህ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ሸጊቱ ሆዷን ይዛ፣ ቀስ እያለች ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ክትትል ልትሄድ መኪና ትጠብቅ ነበር። አባቷን ስማ፣ አባዬ ይደርሳል ወይ አለችው። ይደርሳል አላት። መኪናው መጥቶ እስክትሄድ ቀና ብሎ አላያትም።

እኔ ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። የሱ ግትርነት፣ የሰዉ ፍርሃት፣ የእኔም ምላስ፣ ሁሉም አንድ ላይ አንገበገበኝ።

«አለምነህ፣» አልኩት፣ «ሰው ትልቅ ድንጋይ የሚፈራው ስለሚታይበት ነው። ያንተን ድንጋይስ ማን አየ? ሦስት ወር ሙሉ ስትቀበል እንጂ ስትሸከም አላየሁህም።»

ወገቤን ያመኛል አለ። ሰኞ ዕለት ጤፍ ተሸክሞ ከወፍጮ ሲመለስ አይቼዋለሁ፤ ያንንም ነገርኩት። ደግሞ አላስቻለኝም፣ የወንድሜ ወገን ለምን ቆሞ ያንተ ለምን ሄደ ብዬ ጨመርኩበት። ውሃው ወደኔ ነው የሚመታው ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ መዶሻውን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ። ያን መዶሻ ትቶ ሲሄድ ያየሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደነገጥኩ።

በነጋታው የገበያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ዶሮውንና እህሉን ይዞ ከማዶ ይመጣል፤ ደጄ ጢም ብሏል። ከጋራው በኩል አንድ ነገር ሲወርድ አየን። አለምነህ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ በገመድ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አንድ ርምጃ ተራምዶ አንዴ እየቆመ ይመጣል። ሊያግዙት የሄዱትን በእጁ መለሳቸው። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀለት። ገዱ፣ ያ ሥራ ፈት፣ ሰው ገደልህ እንዴ አለምነህ ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ሳቀ።

አለምነህ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ድንጋዩን አላወረደም፤ እንዳዘለው ነው የተናገረው።

«የኔን ጋቢዮን ጎርፍ አልወሰደውም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ፊት ፊቱን ድንጋይ ደረደርኩ፣ ሆዱን አፈርና ጠጠር ሞላሁት። አብዱልቃድርን ለመቅደም ብዬ ነው። እናንተ የተሸከማችሁትን ደህና ደህና ድንጋይ እንኳ ሳልከተው ዳር ጥዬው ቀረ። አሁን ልጄ የምታልፈው በዚህ ላይ ነው። ቀኖናዬ ይሄው፤ መጠኑንም እዩት።»

ይህን ብሎ ወረደና ድንጋዩን ከወዲያኛው የድልድይ እግር ሥር፣ ያ ዋሻ ካለበት ላይ አጋደመው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ጠብቄያለሁ። የምመልሰውንም አዘጋጅቼ፣ በልቤ ደጋግሜ፣ አሳምሬ ይዤው ነበር። እሱን ትቼ ዓይኔን በሻሼ ጫፍ ስጠርግ ገዱ አየኝና አቧራ ነው አልኩት። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበርም፤ አሁን ከማን ጋር ልጣላ ነው?

ሰው ሁሉ እንደቆመ መምሬ ተክለ ማርያም ከሕዝቡ መሐል ወጡ። ጥላቸውን ለእኔ አስያዙኝ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ወደ ጋራው ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ የአለምነህን የሚያህል፣ ምናልባትም የሚበልጥ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመዋል። ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ። መምሬ ምን አድርገው ነው ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ የለም። እስከ ዛሬም አልታወቀም። እኔም ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። የነፍስ አባቱ ያን የሚያህል ከተሸከሙ ምእመኑ ድንች ይዞ እንዴት ይታያል? ትንሽ ድንጋይ መያዝ ነውር ሆነ፤ የደበቀው ነገር አለ ያሰኛል። ዶሮው ታስሮ ደጄ ላይ ተቀመጠ፣ እህሉ ተራገፈ፣ ሰዉ ጋራውን ወረረው። ገዱ ሁለት ሰው የሚፈልግ ቋጥኝ እያንከባለለ መጣ። ዓለምዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገዱ መሐል ጠበቀችው።

«ይሄ ደግሞ የምንድን ነው ገዱ?»

አንቺን የጠረጠርኩበት ነው አላት፤ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ። እሷም አንዱን ጫፍ ያዘችለትና አብረው አወረዱት።

እኔም ሱቄን ዘግቼ አንድ ተሸከምኩ። በእኛ ዘንድ ቀኖና የሚባል የለም፤ ግን ጣቶቼ እስኪላጡ የያዝኩትን ያህል ያዝኩ። ከትናንት ጀምሮ እኔ ዘንድ የቀረውን መዶሻውንም ሰጠሁት። አለምነህ ድንጋዩን ሲቀበለኝ የምንድን ነው አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የምላሴ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የዚያኑ ቀን ማታ ለአብዱልቃድር ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ወንድሜ ብዙ አያወራም፤ በሦስተኛው ቀን መዶሻውን ይዞ ከዳባት መጣ። አለምነህ አይቶት ከድንጋዩ ቀና ሲል ወንድሜ ሽቦውን ጨብጦ ከየት ልጀምር አለ። ሆዱን መጀመሪያ አለው አለምነህ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው፣ ትልቁን ከትልቅ እያገጣጠሙ፣ ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ እያጠበቁ ሞሉት። እያንዳንዱን ያንኳኳሉ፣ ሁለቱም ያዳምጣሉ፣ ካልተስማሙ ድንጋዩ ይጣላል። እንደ መቁጠሪያ አንድ ባንድ። ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት የመጨረሻውን ክዳን በሽቦ ሰፉት፤ ኢንጂነር ሶልያና መጥታ ላዩ ላይ ዘላ አየችውና ፈረመች።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አምቡላንስ ድልድዩን አልፎ ወደ ማዶ ገባ። ሸጊቱ ምጥ ጀምሯታል። እሱ እንደገባ ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ቆንጥርን ይዞት መጣ፤ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ጭቃ፣ ምን ያላመጣው አለ። አምቡላንሱ እሷን ይዞ ሲመለስ ውሃው ጋቢዮኑን ሊያለብሰው ደርሷል። ሾፌሩ የወዲያኛው ዳር ላይ ደርሶ ቆመ። መሠረቱ የተበላ ድልድይ ነው ሲሉ ሰምቶ ኖሯል፤ እምቢ አለ። እኔ ከወዲህኛው ዳር ሆኜ እጄን ባወናጭፍ፣ ብጮህ ማን ይሰማኛል።

አለምነህ ከልጁ ጋር መኪናው ውስጥ ነበር። ወረደ። በዳሩ በኩል ተንሸራትቶ ወርዶ ጋቢዮኑ ላይ፣ በራሱ ሥራ ላይ ቆመ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ባቱን ያዘው። አንድ ግንድ መጥቶ ሣጥኑን ሲመታው ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። አለምነህ አልተነቃነቀም፤ ከሥሩ ያለውም አልተነቃነቀም። ቀና ብሎ ሾፌሩን አየና በእጁ እለፍ አለው።

አምቡላንሱ አለፈ። በደጄ ሲያልፍ ሸጊቱ መስኮቱን ይዛ ወደ ኋላ አባቷን ስትፈልግ አየኋት። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀላቅዬ እያነበነብኩ ነበር፤ የማላውቀውንም ጨምሬ ይሆናል።

በማግሥቱ ጧት ውሃው ጎደለ፣ ከደባርቅም ተደወለ። ሴት ልጅ ናት፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አለምነህ ይህን ከሰማ በኋላ ምን ሲያደርግ አገኘሁት መሰላችሁ? ድልድዩ ሥር ገብቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ይቺ ሰው ናት ይላል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ይቺም ሰው ናት ይላል። አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ እንደገና ያንኳኳል።

እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ዳባት ለወንድሜ ደወልኩ። የአለምነህ ወገን ቆሟል አልኩት። ስልክ ላይ ድምፄ ከፍ ስለሚል አለምነህ ሰማ።